ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት

በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የእኔ ነበር። «ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 0.02 ሞላር» ይላል፣ በሰማያዊ ማርከር። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። እኔ በር ቆልፌ ሃምሳ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ መቆለፉን የማረጋግጥ ሰው ነኝ። ዳንግላ ያለችው እናቴ «አንቺ እኮ ስትወለጂም ለማልቀስ ፈርተሽ ነው የዘገየሽው» ትለኛለች። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ማስላቴ ትጋት አልነበረም፤ ጠባዬ ነው።

ስሌቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ሞል እንደ ደርዘን ያለ የመቁጠሪያ ስም ነው፤ ደርዘን አሥራ ሁለት ሲሆን ሞል ግን ማንም ቆጥሮ የማይጨርሰው ብዛት ነው። ስለዚህ አንቆጥረውም፣ እንመዝነዋለን። አንድ ሞል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አርባ ግራም ይመዝናል። እኔ የመዘንኩት ዜሮ ነጥብ ስምንት ግራም ነው፤ ለአርባ ሲካፈል ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት ሞል ይሆናል። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ስላሟሟሁት የውህዱ ሞላሪቲም፣ በሊትር ያለው የሞል ብዛት ማለት ነው፣ ያው ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት ነው። ይኸው ነው።

ሥራዬ እንጅባራ ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት በተከራየው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ የገበሬዎችን አፈር መመርመር ነበር። ፕሮጀክቱ ዛሬ የለም። የእኛ አካባቢ ዝናብ ማቆሚያ ስለማያውቅ አፈሩን አጥቦ አጥቦ አሲዳማ አድርጎታል፤ ገብሱ ክንድ ሳይሞላ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ስንት ኩንታል ኖራ የሚለውን ነው እኔ የምመልሰው። ከመጣልኝ አፈር አሥር ግራም ወስጄ በጨው ውኃ አጥበዋለሁ፣ አጠልለዋለሁ። በተጠለለው ላይ ቀለም የሚያሳይ ጠብታ ጨምሬ፣ ከላይ አሲድ የሚያጠፋውን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በቡሬት አንጠባጥብበታለሁ። ቡሬት ከታች መክፈቻ ያለው፣ ጎኑ ላይ ሚሊ ሊትር የተሰመረበት ረጅም ቀጭን መስታወት ነው። አሲዱ እስኪያልቅ ውኃው ንጹሕ ነው፤ ባለቀባት ጠብታ ላይ ፈዛዛ ሮዝ ይሆናል። ስንት ሚሊ ሊትር እንደወረደ አነብና በሞላሪቲው አባዛዋለሁ። የአሲዱ መጠን ይወጣል፣ ከእሱም የኖራው ኩንታል። ሞላሪቲው ከተሳሳተ እንግዲህ ሁሉም ይሳሳታል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም አይታይም፣ ማኅተሙም ያው ያምራል።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አንዲት አሮጊት ከልጃቸው ጋር መጡ። ከአዲስ ቅዳም ወደ ውስጥ ገባ ካለ መንደር ነው የመጡት። አፈሩን በፌስታል የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ልጁ ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ቆሟል። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፣ ፊቱ ደከም ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው። እናትና ልጅ ኩርፊያ ላይ እንደሆኑ ለመረዳት ብልህ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ እሳቸው ለእኔ በአማርኛ የነገሩኝን ለእሱ በአገውኛ አይደግሙለትም፣ እሱም የሚመልሰው ለግድግዳው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአካባቢው መሬት አብዛኛው ዲከረንስ ተተክሎበታል፤ ለከሰል የሚሆን ዛፍ ነው፣ አምስት ዓመት ቆሞ ይቆረጣል። የእሳቸው ቤት ሌላው መሬት ሁሉ ዛፍ ሆኖ አንድ ቃዳ፣ የሄክታር ሩብ ማለት ነው፣ ለገብስ ቀርታለች። ልጁ እሷንም ዛፍ እናድርጋት አለ፤ ገብሱ ሦስት ክረምት አልያዘም፣ አራት ልጆች አሉት። እናት አሻፈረኝ አሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም የዘመኑን ዳኛ ጠሩ፤ ወረቀቱ ይፍረድ አሉ። በዚያ ዓመት ለአንድ ቤት የሚደርሰው ኖራ አሥር ኩንታል ነበር። ምርመራው አሥር ወይም ከዚያ በታች ካለ ኖራ ይገባና ገብስ ይዘራል። ከአሥር ካለፈ ከሰኔ ሚካኤል ማግሥት ዛፍ ይተከላል።

«አምስት ዓመት ነው አሉ ዛፉ የሚቆየው» አሉኝ አሮጊቷ፣ ፌስታሉን እያቀበሉኝ። «ከእንግዲህ እኔ ዘንድ አምስት ዓመት አለ ብለሽ ነው?»

ፌስታሉን ተቀብዬ ቁጥር ጻፍኩበትና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

ውጤቱ በሳምንቱ ወጣ። ሃያ አንድ ሚሊ ሊትር ወረደ፣ አሥራ አራት ኩንታል። ሲመጡ ወረቀቱን ልጁ አነበበው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ደስ አላለውም፤ እሱን ልብ ብያለሁ። እናቱ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«አጥብቀሽ ነው ያየሽው?»

«አዎ እማማ፣ አጥብቄ ነው ያየሁት።»

አመስግነውኝ ወጡ። ያቺን ዐረፍተ ነገሬን ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልነግራችሁም።

ሰኔ አሥር ቀን ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ የመጣ አንድ ገበሬ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ። ጎልማሳ ነው፣ ሳቂታ፣ ዓይኑ ግን የማይስቅ።

«እስቲ እነዚህን እይልኝ» አለ።

አንዱ የግንቦት መጀመሪያ ወረቀት ነው፣ ስምንት ኩንታል ይላል። ሁለተኛው የግንቦት መጨረሻ ነው፣ በሌላ ስም፣ አሥራ አንድ ይላል። መሬቶቹ ይለያያሉ አልኩት።

«አንድ ናቸው» አለ። «ከአንድ ጆንያ ነው የዘገንኩት። ሁለተኛውን በወንድሜ ስም አመጣሁት። አይቆጣሽ፤ ሰው በሬ ሲገዛም ጥርሱን ያያል።»

ሳቅኩ። ሳቄ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም። ተመልሶ እንዲመጣ ነግሬ ሸኘሁትና የወሩን መዝገብ ከላይ ወደ ታች አነበብኩት። ያልታየኝ ነገር ያኔ ታየኝ፤ ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እያደገ ነው። የእኛ አካባቢ አፈር በአንድ ወር ውስጥ እንዲህ ሊኮመጥጥ አይችልም። የጨመረው የአፈሩ አሲድ ሳይሆን፣ የቀነሰው የእኔ ፈሳሽ ኃይል ነው።

ቁም ሣጥን ውስጥ ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣ፣ ልኩ የታወቀ አሲድ ነበረን፤ እሱም ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት ሞላር ነው። ዋጋው ውድ ስለሆነ ቆጥቡት ተብለናል፤ እኔም ቆጠብኩት፣ ጭራሽ አልከፈትኩትም። በየሳምንቱ ውህዱን በእሱ መፈተሽ ነበረብኝ። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ስለሠራሁ ፍተሻውን ትርፍ ነገር አድርጌ አየሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ እንኳ ሳልቸኩል፣ ቀስ ብዬ፣ በጥንቃቄ ነው ያፈሰስኩት።

አሥር ሚሊ ሊትር አሲድ ቀዳሁ። የእኔ ውህድ እውነት ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት ከሆነ አሥር ለአሥር ይጣጣማሉ። አሥር ላይ ደረሰ፣ ሮዝ የለም። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። አሥራ አራት ነጥብ ሦስት ላይ ውኃው ቀላ። አሥርን በዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት አባዝቼ ለአሥራ አራት ነጥብ ሦስት አካፈልኩ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ አንድ አራት። ማርከሬ ሁለት ያለው ጠርሙስ ውስጡ አንድ ነጥብ አራት ነው። ከኃይሉ ሠላሳ በመቶ ጠፍቷል።

የት ገባ? ዞሬ ጠርሙሱ የሚቀመጥበትን ቦታ አየሁ። እንጅባራ በግንቦት መጨረሻ እንዴት እንደሚበርድ የኖረበት ያውቀዋል። መብራት በየቀኑ ስለሚጠፋ የአፈር ማድረቂያው ምድጃ ቆሟል፤ ስለዚህ ክፍሉ መሐል የከሰል ማንደጃ አቀጣጥለን አፈሩን ዙሪያውን በትሪ እናሰጣለን። የግድግዳው መደርደሪያ ደግሞ እርጥብ ነው፣ ሻጋታ አውጥቷል። እኔ ጠንቃቃዋ፣ እርጥበት እንዳይነካው ብዬ ጠርሙሱን ከማንደጃው አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ክዳኑ ስንጥቅ ነበረው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከሚነድ ከሰል የሚወጣውን ጋዝ እየጠጣ ኃይሉን እንደሚያጣ አውቃለሁ፤ ፈተና ላይ መልሼዋለሁም። ለራሴ ክፍል ግን አላሰብኩትም። ወር ሙሉ ጠርሙሱን እያሞቅሁ ገደልኩት።

ከአሮጊቷ ወረቀት ጋር ሠላሳ አንድ ወረቀት ወጥቷል። እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያው ሐሳቤ ዝም ማለት ነበር። ኃላፊዬ ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ናቸው፣ ስልካቸው አይሠራም፣ ውሌ ሰኔ መጨረሻ ያልቃል። ትንሽ ኖራ ቢበዛ መሬቱን አይገድለውም አልኩ ለራሴ። ለሃያ ደቂቃ ያህል በዚህ ተጽናናሁ። ከዚያ አሮጊቷ ትዝ አሉኝ። የእሳቸው ትርፍ ኖራ አልነበረም፤ የእሳቸው ዛፍ ነው።

አሥራ አንድ ቀን ጧት አዲስ ውህድ ሠራሁ። የተጣራውን ውኃ አፍልቼ ከድኜ አቀዘቀዝኩት፣ ካልተከፈተ እሽግ መዘንኩ፣ በአሲዱ ፈተሽኩት፤ አሥር ለአሥር። ማንደጃው ውጭ ነበር። ከዚያ የእሳቸውን አፈር ተራፊ አውጥቼ እንደገና ሠራሁ። አሥራ አራት ነጥብ ሰባት ሚሊ ሊትር። በዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት፣ ከዚያ በአሥር አባዛሁት፤ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ አራት። ለአንድ ቃዳ የሚያስፈልገው ኩንታል በእኛ ቀመር ይህ በሦስት ነጥብ አራት ሲባዛ ነው። ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ስድስት። አሥር አይሞላም፤ ግን እፍኝ ነው የጎደለው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ እኔ ግን አንድ ጠብታ ቢያልፍስ እያልኩ ስሌቱን እንደገና ሠራሁ።

ልጁ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። እስከ ማታ ደወልኩ። የቀረኝ ተስፋ አንድ ነበር፤ ነገ ሚካኤል ነው፣ በሚካኤል መሬት አይቆፈርም። ችግኙ የሚተከለው ከነገ ወዲያ ነው።

በማግሥቱ ቡሬቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ውህዱን፣ አሲዱን፣ ከእሳቸው አፈር ያጠለልኩትን ሁለት ብልቃጥ ይዤ ወጣሁ። ወረቀት ብቻ ብወስድ ይበቃ ነበር ትሉ ይሆናል። እኔ ለሠርግ ስሄድ መርፌና ክር የምይዝ ሴት ነኝ። በዓል ስለሆነ ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ቆየ፤ መንገዱም የሚከፈት የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበር ሾፌሩ በየፌርማታው ወሬ ይጠይቃል። አዲስ ቅዳም ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ፣ ባጃጁ ጭቃው ላይ እምቢ ሲል በእግሬ ቀጠልኩ። እግሬ ሁለት ጊዜ አዳልጦኝ ሁለቱንም ጊዜ ቡሬቱን ወደ ላይ ይዤ በጉልበቴ ወደቅሁ።

መሬቷን ከቤቱ በፊት አየኋት። ጉድጓዶቹ ተቆፍረው አልቀዋል፤ በበዓሉ ዋዜማ መሆን አለበት። በመደዳ በመደዳ፣ ውኃ የቋጠሩ። ችግኙ አጥሩ ሥር በጥቁር ላስቲክ ተደርድሯል።

ቤት ውስጥ የሚካኤል ዝክር ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጠላ ይዘው ተቀምጠዋል፣ አንዱ ጥምጥም ያሰሩ ቄስ ናቸው። ልጁ በሩ አጠገብ ነበር። ጭቃዬን ሲያዩ ሁሉም ተነሡ። አልተቀመጥኩም፤ ከተቀመጥኩ የምናገር አልመሰለኝም።

«ያ ወረቀት ስህተት ነው» አልኩ። «ስህተቱ የእኔ ነው። የምለካበት ፈሳሽ ደክሞ ነበር፣ ሳልፈትሸው ሠራሁበት። አሥራ አራት ያልኩት አሥር አይሞላም።»

አሮጊቷ ሞሰቡ አጠገብ ናቸው፣ አልተነቃነቁም።

«ለምን ደከመ?» አሉ ቄሱ።

የከሰሉን ነገር ነገርኳቸው። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የገፉት ጠላቸውን አስቀመጡ።

«ከሰሉ የዲከረንስ ነው?»

«አዎ አባባ፣ ከአዲስ ቅዳም ገበያ የመጣ ነው።»

«ታዲያ ምን ይደንቃል» አሉ፣ ወደ ሌሎቹ ዞረው። «ዛፉ ራሱ ዳኛ ሆኖ ተቀምጦ ለራሱ ፈርዷላ።»

ሳቁ። ልጁ አልሳቀም። ወደ እኔ መጣ።

«እህቴ፣ አሁን የምትይውስ? ትናንት አሥራ አራት፣ ዛሬ አሥር። ነገስ?»

ነጠላዬን ፈታሁና ቡሬቱን አሳየሁት። «እዚሁ፣ ፊታችሁ ልሥራው» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በሚካኤል ሥራ ይሠራል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ቄሱ ቡሬቱን ተመለከቱና «ውኃ ማንጠባጠብ ሥራ አይባልም፤ ሥራ ቢሆን የቤታችን ጣራ ሲሠራ ነው የሚውለው» አሉ።

በረንዳው ላይ ወጣን። ልጁ ቡሬቱን የበረንዳው የቀርከሃ ቋሚ ላይ በጨርቅ ክር አሰረልኝ። እስከ አሥራ ሁለት ተምሯል፤ ኬሚስትሪ ይወድ እንደነበር ያኔ ነው የነገረኝ።

«ይኼ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት የምትይው ከየት መጣ?» አለ።

«ዜሮ ነጥብ ስምንት ግራም፣ ለአርባ።»

«በዚያኛውም ጊዜ እንዲሁ ነበር ያልሽው?»

«እንዲሁ ነበር ያልኩት» አልኩ። «ለዚህ ነው አሲዱን የያዝኩት።»

እሱ ፊት ውህዱን በአሲዱ ፈተሽኩት። አሥር ለአሥር። እሱ ራሱ አነበበ። ከዚያ ቀመሩን ጠየቀኝና ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልኩ ወደ ኋላ አሰላ፤ አሥር ኩንታል የሚሞላው ስንት ሚሊ ሊትር ላይ ነው? አሥራ አራት ነጥብ ሰባት። ከምድጃው ከሰል አምጥቶ በዚያ መስመር ላይ መስታወቱን ቀለም ቀባው።

«ፈሳሹ ከዚህ በታች ወርዶ ሮዙ ከመጣ ዛፍ ነው» አለ ለሽማግሌዎቹ። «ከዚህ ካላለፈ ገብስ።»

አንድ ጥቁር መስመር። የእኔ ቀመር ራሱ ግምት ነው፤ የአንድ ማሳ አፈር ከዳር እስከ ዳር አንድ አይደለም። አንዲት ጠብታ የሰው አምስት ዓመት ልትወስን አይገባትም ነበር። ይህን ለመናገር ግን ጊዜው አልፏል፤ ወረቀቴን ዳኛ ሲያደርጉት ለምን ዝም አልኩ?

የመጀመሪያውን ብልቃጥ ጀመርኩ። አሥራ ሦስት ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ መክፈቻው በእጄ ውስጥ ከሚገባው በላይ ዞረ፣ እያየሁት ፈሳሹ ከከሰሉ መስመር አልፎ ወረደ። ብልቃጡ ደማቅ ወይን ጠጅ ሆነ።

«አለፈ» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ዓይናቸውን ወደ ጉድጓዶቹ መለሱ። ይኼ አይቆጠርም፣ እጄ ነው ብል ማን ያምነኛል? አንዴ የዋሸ ወረቀት ያመጣሁ ሰው ነኝ።

ልጁ ብልቃጡን አንሥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ረጅም ጊዜ አየው።

«አይቆጠርም» አለ። «ፈዘዝ ያለ መሆን አለበት። ይኼ በዝቶበት ነው። እኛንም መምህራችን እንዲህ ያለውን ይደፋብን ነበር።» ብልቃጡን በረንዳው ጥግ ላይ ደፋው። «ድገሚው። ቀስ በይ።»

አራት ልጆች አሉት፤ ችግኙ አጥሩ ሥር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ባላይ ኖሮ ስለ ሰው ያለኝ ግምት ዝቅ ያለ ይሆን ነበር።

በሁለተኛው ብልቃጥ አሥራ አራት ላይ ስደርስ እጄን ለቅቄ ተነፈስኩ። ጠብታ። አወዛወዝኩ፣ ሮዙ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጠብታ። ጠፋ። ቄሱ አጎንብሰዋል፣ የጥምጥማቸው ጫፍ ትከሻዬን ይነካኛል። ጠብታ። ጠፋ። አንድ ተጨማሪ፣ መክፈቻው ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ የቀረችውን በብልቃጡ አፍ ነካሁና አስገባኋት። ውኃው ቀላ አለ፣ ያዝ አድርጎ ቀረ።

ልጁ ዓይኑን ከመስታወቱ ጋር እኩል አድርጎ አነበበ። የፈሳሹ ወለል የከሰሉን መስመር ነክቷል፤ ከበታቹ አልወረደም።

«አላለፈም» አለ።

ቀና ሲል ፊቱ ደክሟል። ወደ እናቱ ሄዶ በአገውኛ አንድ ነገር ነገራቸው፤ እኔ ገብስ የሚል ብቻ ነው ከሁኔታው የገባኝ። እሳቸው ክንዱን ያዙት። ለሁለት ወር ያልተነጋገሩ ሰዎች እንዲሁ ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ጠላቸውን ቀጠሉ፤ ጉድጓዱን ማን ይደፍነዋል በሚለው መቀላለድ ጀመሩ። እኔ ዕቃዬን እያጠብኩ፣ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ትከሻዬ ወረደ።

አሮጊቷ መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ይመርቁኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ልጄ፣ በዚያ በደከመው ውኃ የእኔን አፈር ብቻ ነው ያየሽው?»

«አይደለም እማማ።»

«ስንት ሰው ነው?»

«ከእርስዎ ሌላ ሠላሳ።»

ጭቃ የያዘውን ቀሚሴን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «እነሱ ደግሞ ነገ ነው የሚተክሉት» አሉ። «ዳቦ ልቋጥርልሽ፣ መንገድ ላይ ትበያለሽ። አትቀመጪ።»

በቀጣዮቹ አሥር ቀናት በሚኒባስ፣ በጋሪ፣ በእግር ሠላሳውንም ቤት አዳረስኩ። ኃላፊዬ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሌ አልታደሰም፣ አልፈረድኩባቸውም። ብዙዎቹ ሰዎች ኖራው ገና አልደረሳቸውም ነበር፤ ወረቀታቸውን ለወጥኩላቸው። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ሦስተኛ ናሙና ይዞ ጠበቀኝ።

አንዱ ጋ ግን ዘግይቼ ነበር። መሬቱ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲኬድ በቀኝ በኩል፣ አስፋልቱ አጠገብ ነው። ገብስ ሊዘራ አስቦ፣ ወረቀቴን አይቶ ተስፋ ቆርጦ፣ ከሚካኤል በፊት ዛፍ ተክሎ ጨርሷል። ስነግረው እጁ ላይ ያለውን አፈር አራገፈ። «ተይው፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» አለ፤ ወተትም አጠጣኝ።

አሁን የምሠራው እዚያው እንጅባራ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። እናቴ ጋ ለመመላለስ የማልፈው በዚያው መንገድ ነው። ዛፎቹ ከእኔ ቁመት በልጠዋል። ሚኒባሱ እዚያ ጋ ሲደርስ አንገቴ ሳላዘው ወደ ቀኝ ይዞራል። አሮጊቷ እንኳ አጥብቀሽ አየሽው ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እሱ አልጠየቀኝም፤ ወረቀቱን ተቀብሎኝ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተውና አምኖኝ ሄደ።